የ15,000 ብር ጭማሪ እጅ ላይ ስንት ነው? ሥራ ለመቀየር ለምታስቡ

ጥቅምት 2018 ላይ ከአንድ ምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ተደወለልኝ። የፋይናንስ ኃላፊ ይፈልጋሉ። ደመወዙ 47,000 ብር ነው አሉኝ። እኔ በዚያን ጊዜ በአንድ የግል ባንክ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ የማገኘው 32,000 ብር ነበር። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "15,000 ብር ጭማሪ!" እሱ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው። 15,000 ብር ለቤታችን ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብሩን ስንከፋፍለው አመሸን። ይሄ ለትምህርት ቤት፣ ይሄ ለእናቴ፣ ይሄ ለቁጠባ።

በሦስተኛው ቀን ደብተር አውጥቼ በደንብ አሰብኩት። ስጨርስ 15,000 ብሩ የለም። ጭራሽ በየወሩ ወደ 3,000 ብር ከኪሴ የሚወጣ ሆኖ ተገኘ።

መጨረሻ ላይ ባንኩን ለቅቄ ወጥቻለሁ። የወጣሁት ግን በሌላ ቁጥርና በሌላ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት የድሮ ባልደረቦቼ "ልውጣ ወይስ ልቅር?" ብለው ጠይቀውኛል። ለእነሱ የነገርኳቸውን እዚህ ልጻፈው። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

መጀመሪያ ግብርና ጡረታ

ደመወዝ ሲነግሯችሁ የሚነግሯችሁ ያልተጣራውን ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ክፍል 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በዚያ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ።

ይህ ማለት፣ አሁን የሚከፈላችሁ ከ14,000 ብር በላይ ከሆነ፣ ከሚጨመርላችሁ ከእያንዳንዱ 100 ብር እጃችሁ የሚገባው 58 ብር ነው። ይህችን 58 ያዟት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

አቋራጩ ይህ ነው። ደመወዙ ከ14,000 ብር ካለፈ በ35 በመቶ አባዙና 2,050 ብር ቀንሱ፤ የሚመጣው ግብሩ ነው። የእኔ 32,000 ብር ግብሩ 9,150፣ ጡረታው 2,240፣ እጄ የሚገባው 20,610 ብር ነበር። 47,000 ብሩ ደግሞ ተቆራርጦ 29,310 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 8,700 ብር። 15,000 ያልኩት ገና ወረቀቱ ላይ እያለ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ከተባለው ብር ውስጥ ዋናው ደመወዝ፣ ቤዚክ የምንለው፣ ስንት ነው? አንዳንድ ድርጅት ዋናውን ዝቅ አድርጎ ቀሪውን በአበል ይሞላዋል። ጡረታ የሚታሰበው ግን በዋናው ደመወዝ ነው። አሠሪው የሚጨምርላችሁ 11 በመቶም እንደዚያው። ዛሬ እጅ የሚገባው ብር ከፍ ብሎ ይታያል፤ በ60 ዓመታችሁ የሚከፈላችሁ ግን ያንሳል።

ያላችሁበት መሥሪያ ቤት ዝም ብሎ የሚከፍላችሁ

ሂሳቡ የሚከብደው እዚህ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ክፍል ነው። በአንድ ቦታ ረጅም ጊዜ ስትሠሩ ደመወዝ ተብሎ የማይጠራ ብዙ ክፍያ ታገኛላችሁ። ስለለመዳችሁት አይታያችሁም። የሚታየው የቀረ ዕለት ነው።

የእኔ ትልቁ የቤት ብድር ነበር። ሰሚት ያለችውን ቤታችንን የገዛናት በሠራተኛ ብድር ነው። የቀረብኝ 800,000 ብር፣ የቀረኝ ጊዜ 15 ዓመት፣ ወለዱ 7 በመቶ። በወር 7,191 ብር እከፍል ነበር። ውሉን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አነበብኩት። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወለዱ ለማንኛውም ደንበኛ በሚሰጠው ምጣኔ ይተካል ይላል። ይህን ውል ለስንት ሰው አስፈርሜአለሁ። የራሴን ግን ከፈረምኩበት ቀን ወዲህ አልገለጥኩትም ነበር።

በዚያን ጊዜ የደንበኛው ምጣኔ 16 በመቶ ነበር። በዚህ ሲሰላ የወር ክፍያዬ 11,749 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 4,558 ብር ነው፣ በየወሩ፣ ለ15 ዓመት። ከ8,700 ብሩ ከግማሽ በላይ የሆነው በዚህ አንድ መስመር ሄደ።

ባንክ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ይህን ውል አንብቡ። አንዳንዱ ውል ወለዱን ከፍ ያደርጋል። አንዳንዱ ቀሪውን ብድር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ጠቅልላችሁ ክፈሉ ይላል። ይህ ሁለተኛው ካለባችሁና የምትከፍሉበት ከሌላችሁ፣ ስለ ደመወዙ ከማውራት በፊት መነጋገር ያለባችሁ ስለ ብድሩ ነው።

ቀጥሎ መጓጓዣ። ባንኩ ሰርቪስ ነበረው። ፋብሪካው ቃሊቲ ነው። ሁለት ታክሲ እየቀያየርኩ ደርሶ መልስ 110 ብር፣ በወር 24 የሥራ ቀን፣ 2,640 ብር። ይህን በግምት አላስቀመጥኩትም። አንድ ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥቼ ሞከርኩት። ብሩንም ሰልፉንም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እናንተም ሞክሩት፤ እሑድ ግን አትሞክሩት።

ሕክምና። ታናሿ ልጄ አስም አለባት። ባለፈው ዓመት ለቤተሰቡ ሕክምና 38,000 ብር ወጥቶ ነበር፤ ባንኩ 80 በመቶውን ሸፍኗል። ፋብሪካው የሚሸፍነው 50 በመቶ ነው። ልዩነቱ በዓመት 11,400፣ በወር 950 ብር። ልጆች ያላችሁ፣ ወላጅ የምትጦሩ፣ የዓመቱን ደረሰኝ ሰብስቡና ደምሩት።

እስካሁን ያለውን ከ8,700 ብር ላይ ቀንሱ። 552 ብር ይቀራል።

ከዚያ ቦነስ። ባንኩ ላለፉት ሦስት ዓመታት በተከታታይ የሁለት ወር ደመወዝ ቦነስ ሰጥቶናል። 64,000 ብር፣ ግብሩ ተቆርጦ 41,600፣ ለ12 ወር ሲከፈል 3,467 ብር። ቦነስ ዋስትና የለውም፤ ባንኩ ካላተረፈ አይኖርም። ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ ያገኘሁትን ግን እንደሌለ መቁጠር ራሴን ማታለል መሰለኝ። የፋብሪካው ሰው "እኛም ትርፍ ሲኖር እንሰጣለን" ብሎኛል። በወረቀት ስላልሰፈረ ዜሮ ብዬ ነው የያዝኩት።

552 ሲቀነስ 3,467፤ በየወሩ 2,915 ብር ጉድለት።

በብር የማይተመነውን ደግሞ ለብቻው ጻፍኩት። የዓመት ፈቃድ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። እኔ 20 ደርሼ ነበር፤ አዲስ ቦታ ከ16 እጀምራለሁ። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ አለ። አስቀድሞ የደረሳችሁ ከሆነ ከለቀቃችሁም በኋላ መጣላችሁን አትርሱ። በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ሥልጠና ወስዳችሁ የአገልግሎት ግዴታ ፈርማችሁ እንደሆነም ፋይላችሁን እዩ።

ድርጅቱ ራሱ ይቆያል ወይ?

እናቴ ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ሆና ጡረታ የወጣች ሰው ናት። ስነግራት አልተቃወመችኝም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ መጀመሪያ ሄደሽ ጠይቂ" ብቻ አለችኝ። ሄጄ ጠየቅሁ።

ያ ማክሰኞ ዕለት ፋብሪካው በር ላይ ስደርስ ገና ነበር። የጥበቃ ሠራተኛውን ሰላም ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። "ጋሼ፣ እዚህ ደመወዝ በስንት ቀን ይገባል?" አልኳቸው። "በ28፣ በ29 ይገባል ልጄ። አምና ክረምት ላይ ግን ሁለት ወር ዘግይቶብን ነበር" አሉኝ። ይህንን ማንም የቅጥር ኃላፊ አይነግራችሁም። ጥበቃ፣ ሾፌር፣ የካፌ ሠራተኛ ይነግሯችኋል። ሥራ ለቅቀው የወጡ ሰዎችም ይነግሯችኋል፤ ከተቻለ ሁለቱን አግኙ።

የሰማሁትን ይዤ የሰው ሀብት ኃላፊውን ጠየቅሁት። ማሸጊያ ከውጭ በዶላር ይገዙ ነበር፤ ዶላር ሲጠፋ ምርት ቆሞ ነበር አለኝ። አሁን ማሸጊያውን ከአገር ውስጥ አምራች ነው የሚወስዱት። መልሱ አሳመነኝ፤ ዋናው ጥሬ ዕቃቸው ስንዴም ከዚሁ ስለሆነ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለማንኛውም የግል ድርጅት ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ አልሄድም። ዕቃችሁን በምን ትገዛላችሁ? በብር ወይስ በዶላር?

የሚጠራችሁ ፕሮጀክት ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው ማን ነው? ውሉ የሚያልቀው መቼ ነው? ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ብዙ ፕሮጀክት በሳምንታት ውስጥ ተዘግቷል፤ ጎበዝ ጎበዝ ሠራተኞች በአንድ ኢሜይል ቤታቸው ቀርተዋል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ውል ከሆነ ደመወዙን በሁለት ዓመት አባዙና፣ ከዚያ በኋላ ሥራ ስትፈልጉ ለምትቆዩባቸው ወራት ጭምር አካፍሉት። እኔ ስድስት ወር እላለሁ። የ24 ወሩን ደመወዝ ለ30 ወር ሲያካፍሉት ብዙ ማባበያ ደብዝዞ ይታያል።

ጡረታን በተመለከተ ደግሞ የሚቆርጥ ሁሉ አያስገባም። ከሠራተኛው ቆርጦ ለራሱ ሥራ የሚያዞር አሠሪ አለ። ውስጥ ያለ ሰው ጠይቁ።

መልሶ መጠየቅ

ቁጥሬን ይዤ ተመለስኩ። የሰው ሀብት ኃላፊው "እህቴ፣ 47 ሺህ እኮ ጥሩ ብር ነው" አለኝ።

"ጥሩ ብር ነው። ግን 47 ሺህ ለእኔ ካለሁበት ያነሰ ነው። ስሌቱን ላሳይዎት?" አልኩት።

ደብተሬን አሳየሁት። የቤት ብድሩን ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ንግግራችን ስለ ስግብግብነት ወይም ስለ ይሉኝታ አልነበረም፤ ስለ ቁጥር ነበር። እኛ ሰዎች ደመወዝ መጠየቅ እናፍራለን። ወረቀት ስትይዙ ማፈሩ ይቀንሳል። 58,000 ጠየቅሁ። በሳምንቱ 54,000 ብር፣ ሙሉው ዋና ደመወዝ፣ የሰርቪስ መኪናውም በሰሚት በኩል እንዲያልፍ ተስማሙ። ሁሉም ውሉ ላይ ተጻፈ። ሰርቪሱን በቃል ብቻ ሊያልፉት ነበር፤ እንዲጻፍ አስደረግሁ።

እንደገና አሰብኩት። ከ32,000 ወደ 54,000 ያለው 22,000 ብር በ58 በመቶ 12,760 ነው። ከዚያ ብድሩ፣ ሕክምናው፣ ቦነሱ ሲወጣ 3,785 ብር ይቀራል። እውነተኛው ጭማሪ ይህ ነው።

በ3,785 ብር ሥራ ይለቀቃል?

ለዚህች ብር ብቻ ቢሆን አልወጣም ነበር። የተረጋጋ ሥራን እኔ አልንቀውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደመወዝ አንድ ቀን ሳይዘገይብኝ ልጆች ያሳደግሁበት ቤት ነው። ለብር ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ትርፉ ቢያንስ አሁን እጃችሁ ከሚገባው አንድ አምስተኛ ይሁን እላለሁ። የእኔ ለዚያ አይደርስም።

ያስወጣኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ባለሙያ ነኝ? ባንኩ ውስጥ የብድር ፋይል ነበር የምመረምረው። ዘጠነኛው ዓመት ከስድስተኛው ምንም አዲስ ነገር አልነበረውም። አለቃዬ ከእኔ በአምስት ዓመት ብቻ ይበልጣል፤ ወንበሩም አይለቀቅም። ፋብሪካው ውስጥ የምርት ዋጋ ማስላት፣ ከአቅራቢ ጋር መደራደር፣ የግብር ጉዳይ መጨረስ ነው የሚጠብቀኝ። እነዚህን ካወቅሁ ይህ ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ ሌላው ይፈልገኛል። ይህን ያመንኩት ማስታወቂያዎችን አይቼ ነው። ለአንድ ወር የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን እየሰበሰብኩ ምን ልምድ እንደሚጠይቁ ጻፍኩ። የእኔ የብድር ልምድ የሚፈለገው ባንክ ብቻ ነበር።

እናንተ ጋ መልሱ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ባለቤታችሁም ቋሚ ገቢ ከሌለው፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ፣ ይህ ዓመት የመቆያ ዓመት ነው። የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

ለአለቃዬም ነግሬው ነበር። "የሚቀጥለውን ዕድገት ጠብቂ" አለኝ። በጽሑፍ ይሁንልኝ አልኩ። አልሆነም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሠራ አልፈረምኩም። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። ስለዚህ የሦስት ወር ወጪ በእጄ መኖር ነበረበት። የእኔ ድርሻ አዲሱን የብድር ክፍያ ጨምሮ በወር 24,749 ብር ነው፤ በሦስት ሲባዛ 74,247። የነበረኝ 70,000 ነበር። የጎደለውን ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ ሞላው። ፈቃድ ሲቀራችሁ በብር ይከፈላል፤ አትተዉት። የስንብት ክፍያን ግን ሳታረጋግጡ አትጠብቁ። በራሱ ፈቃድ ለሚለቅ ሰው ይከፈል እንደሆነ መጀመሪያ አዋጁን አይታችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ ብሎ ይህን ብር አስቀድሞ ያቅድበታል።

አወጣጥ

አዲሱን ውል ሳትፈርሙ መልቀቂያ አታስገቡ። "መልቀቂያሽን አምጪና እንፈራረማለን" ሊሏችሁ ይችላሉ። እኔንም ብለውኛል። መጀመሪያ ፈርመን የምጀምርበትን ቀን ከ30 ቀን በኋላ እናድርገው አልኳቸው፤ ተስማሙ።

ሠላሳ ቀን የማስጠንቀቂያ ጊዜው ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ብትወጡ አሠሪው እስከ 30 ቀን ደመወዛችሁ ድረስ ካሳ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቡና በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ክሊራንስ ላይ ያላሰብኩት ነገር ያዘኝ። ለአክስቴ ልጅ ሥራ ሲቀጠር ዋስ ሆኜለት ነበር። እኔ ስለቅ የእሱ ዋስትና ይፈርሳል። ሌላ ዋስ እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ለእሱም ጭንቀት ነበር። ለማን ዋስ እንደሆናችሁ አሁኑኑ ቁጠሩና አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የቁጠባና ብድር ማኅበሩንም ሂሳብ እንዲሁ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የእኔ የመጀመሪያው ደብዳቤ አንድ ዓመት አጉድሎ ነበር።

ጥር 2018 ፋብሪካው ገባሁ። በወሩ መጨረሻ የጡረታ መዋጮ ዝርዝር ለፊርማ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ስሜን ፈለግሁ። ከእኔ 3,780፣ ከድርጅቱ 5,940። ከስሜ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የዚያ ማክሰኞው የጥበቃ ሠራተኛ ስም አለ። ድምሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ፈረምኩና በዕለቱ እንዲገባ ላክሁት።